አውራ ጣቴን ሊጠይቁ የመጡ

አውራ ጣቴ የተከፈተ ዕለት በቦታው የነበሩትን አንድ በአንድ ልጥራ፤ ኋላ «እኔን ዘለልከኝ» የሚል እንዳይመጣ። አንደኛ አዴ ጫልቱ፤ አምቦ ውስጥ የምኖርባትን ክፍል ያከራዩኝ፣ ግቢውንም እኔንም የሚያስተዳድሩ ሴት። ሁለተኛ ኦቦ ቶሎሳ፤ ዕድሜያቸውን የጭልሞን ደን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን፤ እሳቸው የማያውቁት ቅጠል ገና አልበቀለም። ሦስተኛ ጌታሁን ልብስ ሰፊው፤ የእሱ የስፌት መኪናና የእኔ የሰዓት ሣጥን በአንድ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚውሉት። አራተኛ ደራርቱ፤ የአዴ ጫልቱ የእህት ልጅ፣ የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ። አምስተኛ ሐኪሙ፤ ስሙን ለመጠየቅ ሁኔታዬ አልፈቀደም። ስድስተኛ የኦቦ ቶሎሳ የጋሪ ፈረስ፤ ውጭ ቢቆምም በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ እስከ መጨረሻው ስለተከታተለ ከተገኙት እቆጥረዋለሁ። ሰባተኛ እኔ፤ ምንም እንኳ ከመካከሉ ጥቂት ደቂቃ ባልገኝም። ለምን እንዳልተገኘሁ እደርስበታለሁ።

ሥራዬ ሰዓት መጠገን ነው። ይህ የማወራችሁ ነገር የሆነው ሞባይል በየኪሱ ገብቶ የሰውን ክንድ ባዶ ከማስቀረቱ በፊት ነው። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። መጀመሪያ የፈታሁት ሰዓት ምንም አልሆነም ነበር፤ የሆነው እኔ ከፈታሁት በኋላ ነው። ሁለተኛውን ስፈታ ግን እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቅደም ተከተል ነጭ ወረቀት ላይ ደርድሬ፣ በየጎኑ ቁጥር ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ የማልለካውና የማልመዘግበው ነገር የለም። ጌታሁን «ይኼ ልጅ ሲያስነጥስ እንኳ ቆጥሮ ነው» እያለ ያማኛል። ሐሜት አይደለም። ሦስት ጊዜ ነው የማስነጥሰው።

ሰዓት ሠሪ ከሰውነቱ ሁሉ የግድ የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ አንድ ዓይንና አንድ አውራ ጣት። ወረንጦውን የሚይዘው እሱ ነው፤ ሰዓቱን የሚሞላው እሱ ነው፤ ከጤፍ የምታንስ ብሎን በጥፍሩ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው እሱ ነው። የቀሩት አራት ጣቶች የሚሠሩት የታዛቢነት ሥራ ነው። እንግዲህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር የደረሰው በታዛቢዎቹ በአንዱ ላይ ቢሆን ኖሮ ወግ አይሆንም ነበር። የደረሰው በቀኝ አውራ ጣቴ ላይ ነው።

ነገሩ የጀመረው ወንጪ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አንድ ቅዳሜ ሐይቁን ልናይ ወጣን። ቁልቁለቱን በፈረስ የሚወርዱ ነበሩ፤ እኔም እንደ ሰው አንዱ ላይ ተሰቀልኩ። ጌታሁን ኦርቶዶክስ ስለሆነ ከእኛ ጋር አልነበረም፤ ያልነበረ ሰው ደግሞ ድፍረት አለውና እስከ ዛሬ «ፈረሱ ደንብሮ ጣለው» እያለ ክብሬን ሊያድን ይሞክራል። ፈረሱ አልደነበረም። ፈረሱ ቆሞ ነበር። ሣር ሊነጭ አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ እኔም አንገቱ የት እንደገባ ልመለከት ጎንበስ ስል በዚያው ተከትዬው ወረድኩ። ስወርድ ያገኘሁትን ያዝኩ። ያገኘሁት ቀጋ ነበር።

የፈረሱ ባለቤት ቀና አድርጎ አቆመኝና «ማል ታቴ? ምን ሆንክ? እሱ እኮ እየበላ ነው» አለኝ፤ ፈረሱን እንዳስደነገጥኩበት ሁሉ።

የቀጋው እሾህ ከጥፍሬ በስተግራ ገብቷል። ማታ ቤቴ ገብቼ በሥራ ወረንጦዬ አወጣሁትና ካሊፐር በሚባለው የብረት መለኪያዬ ለካሁት፤ ሰባት ሚሊ ሜትር። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «እሾህ፣ 7 ሚ.ሜ.፣ ወጥቷል» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩ። ወረንጦው ከዚያ በፊት የነካው የአንድ ከብት ነጋዴ ሰዓት ውስጥ የተጋገረውን የዘመናት ላብና አቧራ ነበር። እሱን አልመዘገብኩም።

ሰኞ ጣቴ ቀላ። ማክሰኞ አበጠ፤ ጤነኛው የግራዬ ሃያ አንድ ሚሊ ሜትር ሲሆን የቀኙ ሃያ አራት ገባ። ይሞቃል፣ ይጠዘጥዛል። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ስለዚህ ነገር አንብቤያለሁና።

አንድ የባዮሎጂ መጽሐፍ አለኝ። ጉደር ገበያ አንዲት በርበሬ ሻጭ ቅጠል በቅጠል እየቀደደች ስትጠቀልልበት አግኝቼ ያስጣልኳት ነው። እዚያ ላይ እንዲህ ይላል፤ ባክቴሪያ በቁስል በኩል ወደ ሰውነት ሲገባ ነጭ የደም ሕዋሳት ጥሪ ይደርሳቸዋል፤ ከደም ሥሩ ግድግዳ ሾልከው ይወጣሉ፤ ወራሪውን ከበው ይውጡታል። ገጹ እዚህ ላይ ያልቃል። የሚቀጥለው ገጽ ስለ አበባ ክፍሎች ነው። በመካከሉ የነበሩት ስምንት ገጾች በርበሬ ተሸክመው በጉደርና በአካባቢዋ ተበትነዋል። እኔ ግን ከጦርነቱ ቀጥሎ አበባ የመጣው ነገሩ በሰላም ቢያልቅ ነው ብዬ ደመደምኩ። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ጣጣው ይህ ነው፤ መምህሩም ተማሪውም ያንኑ ገጽ አላነበቡም።

ስለዚህ ሠራዊቴን ላለማወክ ወሰንኩ። የሰዓት አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ጣቴን እመረምራለሁ። አንዱ ነጭ ሕዋስ እንኳ ብቅ ብሎ ሰላምታ ቢሰጠኝ ብዬ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። የታየኝ እንደ ደንዲ ኮረብታ የተነፋ ቀይ ቆዳና አንዲት ጸጉር ነው። ቢሆንም የማይታይ ሠራዊት ይበልጥ ያስከብራል፤ ሌሊቱን ሲደበድቡ ይሰሙኝ ነበር። በደቂቃ ሰማንያ ስምንት ጊዜ። እንዲህ ዝንፍ ሳይል የሚመታ ሰዓት ጠግኜ አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት በረንዳው ላይ ሰዓት በግራ እጄ ልከፍት ስታገል ጌታሁን የስፌት መኪናውን አቆመ።

«እጅህን አሳየኝ።»

«ምንም አልሆነም።»

«ምንም ያልሆነ ጣት እንቁላል አያክልም።»

«ሃያ ስድስት ሚሊ ሜትር ነው። እንቁላል ወገቡ ላይ አርባ ይደርሳል።»

«እንቁላልም ለክተሃል?»

ለክቼ ነበር።

ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት። ጠያቂ ስለምጠላ አይደለም። ክፍሌ ሦስት ሜትር በሁለት ከሰማንያ ናት፤ ወንበር አንድ ነው። እኛ አገር ደግሞ የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም፤ ያልተጠየቀ ሕመም እንደ ሕመም አይቆጠርም። ጌታሁን በሚያምንበት ታቦት ምሎ «ለአዴ ጫልቱ ብቻ ነው የምነግራቸው፤ የቤቱ ባለቤት ናቸው፣ ማወቅ መብታቸው ነው» አለኝ። ከዚያ ከክር ጣሳው ውስጥ አንዲት ቀይና ጥቁር ካፕሱል አወጣ፤ በመቀሱ ለሁለት ከፈላትና ዱቄቷን ጣቴ ላይ ነሰነሰው።

«ከየት አመጣኸው?»

«አምና ጥርሴን ሲያመኝ ከታዘዘልኝ የተረፈ ነው።»

«የጥርስ መድኃኒት ለጣት ምን ያደርጋል?»

«ሁለቱም ውስጣቸው አጥንት ነው» አለና መኪናውን መርገጥ ቀጠለ።

ሐሙስ ገና ፊቴን ሳልታጠብ አዴ ጫልቱ ጨው የተበጠበጠበት የፈላ ውሃ ይዘው ገቡ። «ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ሰው ሞቶ አያውቅም፤ አንተ አትጀምርልኝም» አሉና ጣቴን ነከሩት። እኔ አንድ ጊዜ ጮህኩ፤ እሳቸው ሁለት ጊዜ ቅቤ ቀቡኝ። ከእሳቸው ኋላ ኦቦ ቶሎሳ አንድ እፍኝ ቅጠል አኝከው መጡ።

«የምን ቅጠል ነው፣ ኦቦ?»

«ስሙ ከተጠራ አይሠራም።»

«መጠኑስ ስንት ነው?»

«አፍ ሙሉ» አሉ፤ ለማስረዳትም ጉንጫቸውን ነፉ።

ከሰዓት በኋላ ጌታሁን ጸበል አመጣ። አመሻሽ ላይ አንዲት የመዘምራን እህት ማር አመጣች። ጨው፣ ቅቤ፣ ቅጠል፣ ጸበል፣ ማርና የጥርስ መድኃኒት፤ ጣቴ ወጥ ለመሆን የቀረው እሳት ብቻ ነበር፤ እሳቱን ደግሞ እኔ ከውስጥ አዋጥቻለሁ። ሠላሳ ሚሊ ሜትር።

ዓርብ ግን አምቦ ቤቴ መጣ። ማለቴ የአምቦ ሰው ቤቴ መጣ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መዘምራኑ፣ የአዴ ጫልቱ የዕድር ሴቶች፣ ሰዓታቸው ደርሶ እንደሆነ ሊጠይቁ መጥተው አዝነው የተቀመጡ ደንበኞች። አልጋዬ ላይ ስምንት ሰው ተቀምጧል፤ ዘጠነኛው እኔ ነኝ፤ በእንግድነት። አንዲት ከጊንጪ የመጡ እናት ማን እንደታመመ ሳያውቁ እህታቸውን ተከትለው ገብተው ከሁሉም በላይ ያለቅሳሉ። በሩ አልዘጋ አለ። የሚገባው በጎኑ ነው የሚገባው። መስኮቱ አላበ። ሁሉም ባንድ አፍ «ምነው ሳትነግረን?» ይለኛል፤ እኔም «ጌታሁን ነገራችሁ አይደል ወይ» ለማለት ቦታ አጣሁ። አንድ ሽማግሌ ቆመው ጸለዩልኝ። ጸሎቱ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን «የዚህን ልጅ ግራ እጅ ማርልን» ሲሉ «ቀኙ ነው» አልኩ። ከአሜን በፊት መታረም ነበረበት።

በዚህ መሐል ደራርቱ ከሥራ በቀጥታ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች መጣችና በሩ ላይ ተቀረቀረች።

«አክስቴ፣ ስንት ሰው ነው እዚህ ያለው?»

«አሥራ ዘጠኝ» አልኩ እኔ። «በአንቺ ሃያ።»

በጎኗ ገባች። ቤቱን ዞራ አየች፤ ከዚያ ጣቴን አየች፤ ከዚያ እንደገና ቤቱን አየች። «ይኼ ቤት ራሱ አመርቅዟል» አለች።

ኦቦ ቶሎሳ «እንዴት ማለት ነው?» አሉ።

«እዚህ ጣት ውስጥ የሚሆነው ይኸው እናንተ የምታደርጉት ነው፣ አባቴ። አንዷ ሕዋስ ባክቴሪያውን ታገኘዋለች። ብቻዋን አትችለውምና ትጣራለች። ጌታሁን ማለት እሷ ናት።»

ጌታሁን «እኔ ለአዴ ጫልቱ ብቻ ነው የነገርኩት» አለ።

«እሷም የምትለው እንደዚያ ነው። ከዚያ ጥሪውን የሰሙ ነጭ ሕዋሳት በደም ይመጣሉ። ደም ሥሩ ላላ ይልላቸዋል፤ እየተጣበቡ በጎናቸው ይገባሉ። ውሃውም አብሯቸው ይገባል። ቤቱ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ይጠባል። ሁሉም ያቅሙን መርዝ ይዞ ነው የሚመጣው፤ መርዙ የታሰበው ለጠላት ነው፤ ሲበዛ ግን ቤቱንም ያቃጥለዋል።»

ሁሉም ሰው የያዘውን ማሰሮና ጠርሙስ ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ደበቀ።

«ይኼ ነጩ መግልስ?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

«እነሱው ናቸው። ጠላትን ውጠው ውጠው የሞቱት።»

አዴ ጫልቱ ወደ ጣቴ ጎንበስ አሉና «ወይ ልጆቼን» አሉ።

እኔ በዚያ ሰዓት ከማንም በላይ ደስ ብሎኛል። መጽሐፌ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። «እንግዲህ እየሠሩ ከሆነ እንተዋቸዋ» ልል አፌን ስከፍት ደራርቱ የሸሚዜን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች፤ ፈገግታዋም እዚያው ቆመ። ከእጄ አንጓ ተነስቶ በክንዴ ውስጠኛ ገጽ ሽቅብ የሚሄድ ቀይ መስመር አለ።

«ይኼ መቼ ወጣ?»

«ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ። ያኔ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ነበር፤ አሁን አሥራ አራት ሆኗል።»

«ለክተህ ዝም አልክ?»

«መዝግቤዋለሁ።»

ጣቷን ብብቴ ውስጥ ከተተች። ነካች፤ ዘለልኩ። «ንፍፊት ወጥቶብሃል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ባክቴሪያው ከጣትህ አምልጦ መንገድ ጀምሯል። እዚህ ብብትህ ያሉት ኬላ ላይ ይዘውት ነው ያበጡት። እነሱን ካለፈ ደምህ ውስጥ ነው። መጽሐፍህ ይህን አይልም?»

«መጽሐፌ ከዚያ ቀጥሎ አበባ ነው።»

ሳቅ ትላለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«ጣቴስ?» አልኳት።

«ተነሳ» ብቻ አለች። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ወረንጦ አየኋት። ወረንጦ በግራ እጅ የሚይዝ ሰዓት ሠሪ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጣቴ ለእኔ የሚለካ ነገር ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ጣቴ ሆነ።

የኦቦ ቶሎሳ ጋሪ ለሦስት ሰው የተሠራ ነው፤ አምስት ሆነን ወጣን። የቀሩት በእግር ተከተሉን። አንድ ባለ ሱቅ ወጥቶ «ሰርግ ነው ለቅሶ?» ብሎ ጠየቀ። ጌታሁን «አውራ ጣት ነው» ብሎ መለሰለት፤ ሰውየውም እንደገባው ሁሉ ራሱን ነቀነቀና ተከተለ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ዘበኛው ከአስታማሚ በላይ አላስገባም አለ፤ ስለዚህ መጀመሪያ የዘረዘርኳቸው ብቻ ገባን። ፈረሱ እንኳ በመስኮት ነው።

ሐኪሙ ጣቴን አይቶ ከላዩ ያለውን ነገር በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ቅቤ ነው፣ ልጄ» አሉ አዴ ጫልቱ።

«ይኼ አረንጓዴውስ?»

«ቅጠል ነው» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

«የምን ቅጠል?»

«አይነገርም።»

«ዱቄቱስ?»

ጌታሁን ጣሪያውን እያየ «የጥርሴ ነው» አለ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ምን አደረግክለት?»

«ለካሁት።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ዛሬ ዓርብ ነው፤ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ብትመጣ ስለ መክፈት ሳይሆን ስለ መቁረጥ ነበር የምናወራው። አሁንም ሳልከፍተው አልምልልህም» አለኝ። ከዚያ የማደንዘዣውን መርፌ አነሳ። ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሁለት» ሲል ሰማሁ። ከሁለት በኋላ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ ጭንቅላቴ አዴ ጫልቱ ጭን ላይ ነው፤ ከላዬ የፈረስ ፊት አለ። ወንጪ መስሎኝ እጄን ቶሎ ሰበሰብኩ። ጌታሁን «ጨረስን፣ ተነስ፤ ፈረሱ እንኳ አልወደቀም» አለኝ። ሐኪሙ በቁራጭ ፋሻ ላይ አንድ ጥቁር ነገር አሳየኝ። ካሊፐር በኪሴ ነበርና በግራ እጄ ለካሁት። ሦስት ሚሊ ሜትር፤ የእሾህ ጫፍ።

«እሾሁ ወጥቷል ብለህ ነበር» አለኝ ሐኪሙ።

«ሰባት ሚሊ ሜትር ወጥቷል።»

«እሾሁ አሥር ነበራ።»

የወጣውን ለካሁ እንጂ የቀረውን አልለካሁም። ሐኪሙ ፋሻውን እየጠቀለለ እንዳስረዳኝ ነጭ ሕዋስ ባክቴሪያ ይውጣል እንጂ እንጨት አይውጥም። እሾሁ እዚያ እስካለ ድረስ ባክቴሪያው መጠለያ አለው፤ ሕዋሳቱም እየመጡ፣ እየሞቱ፣ ሲሞቱም ሌላ እየጠሩ ይኖራሉ። አሁን በሩ ተከፈተ፤ እሾሁ ወጣ፤ በየቀኑ የሚወጋኝ መድኃኒት ደግሞ ያመለጠውን ባክቴሪያ በየመንገዱ ይጨርሳል። «እነሱም ያርፋሉ» አለ። ማንን ማለቱ እንደሆነ ለአፍታ ግር አለኝ፤ በር ላይ ያሉትን ዕድርተኞች መስሎኝ ነበር።

ደራርቱ ግን ያለ ጥበብ አላሰናበተችኝም። ከመግሉ ጥቂት በመስታወት ላይ ቀብታ፣ አድርቃ፣ ቀለም አፍስሳበት ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገችው። ባለቤቱ እኔ ሆኜ ሳለ በዕድሜ ቅደም ተከተል ተሰለፍን። አዴ ጫልቱ አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ጨፍነው «ሐምራዊ ጤፍ ነው» አሉ። ኦቦ ቶሎሳ ረጅም ጊዜ አዩና «ደን ነው፤ ጠባቂ የለውም» አሉ። ጌታሁን «የሸሚዝ ቁልፍ ነው፤ ባለ ሦስት ቀዳዳ» አለ። ሁሉም እያዩ የሆነ ነገር ስላዞሩ እኔ ስደርስ የታየኝ ጉም ብቻ ነው። እንደ ልማዴ ማስተካከያውን ልይዝ ቀኝ እጄን ሰደድኩ፤ እጄ ጫፍ ላይ ያለው ግን ጡጫ የሚያክል ፋሻ ነው።

«እኔ አዞራለሁ፤ ሲጠራልህ ንገረኝ» አለች ደራርቱ።

ጉሙ ገፈፈ። «አሁን» አልኳት።

ሞልተዋል። ክብ ክብ ናቸው፤ በውስጣቸው አስኳላቸው በሦስት የተከፈለ፣ ጌታሁን «ቀዳዳ» ያለው እሱን ነው። አንዷ ከሌሎቹ ተለይታ ዳር ላይ ናት፤ ሆዷ ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣቦች ይታያሉ።

«እነዚህ ነጠብጣቦች?»

«ባክቴሪያዎቹ ናቸው። የዋጠቻቸው።»

ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ አንድ ውጣ፣ አሥራ አንዱንም እንደያዘች ሞታለች። እኔ ያን ሁሉ ቀን ሠራዊቴ ሠራዊቴ እያልኩ አጉሊ መነጽር ሰክቼ ስኮራ፣ እነሱ እኔ «ወጥቷል» ብዬ ባሰመርኩበት እሾህ ዙሪያ እያለቁ ነበር። አፌ ውስጥ አንድ ነገር አልኩ። ጌታሁን ሰማ።

«ምን አልካት?»

«ምንም።»

«ይቅርታ ሲላት ሰምቼዋለሁ» አለ ለሁሉም። «ሰው በዚህ አገር በሬ ገጭቶ ይቅርታ አይልም፤ ይኼ ግን መግልን ይቅርታ ይጠይቃል።»

አዴ ጫልቱ «ደግ አደረገ» አሉ። «የሞቱት ለእሱ ነው።»

ቀዩ መስመር ቅዳሜ አሥር ሴንቲ ሜትር፣ እሑድ አራት ሆነ፤ ማክሰኞ ጠፋ። ንፍፊቱም ሟሟ። መርፌውን የሚወጋኝ ሐኪም በየቀኑ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ሳልጠይቀው ይነግረኝ ነበር፤ እኔም ተኝቼ ነበር የምሰማው። ፋሻው የተፈታው በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ነው። ጣቱ አለ። ግን ቆዳው አዲስ ነው፤ ከሥሩ ጥጥ የተጎዘጎዘበት ይመስል የሚነካውን በደንብ አይነግረኝም። ይሠራ አይሠራ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሐኪሙም «ሞክረው» ከማለት በቀር አልጨመረም።

በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ትንሽ የሴት ሰዓት ከፈትኩ፤ የሚቀራት አንዲት ብሎን ናት፤ ከሁሉም የምታንሰው። ቀና ስል ጌታሁን መኪናውን አቁሟል። አዴ ጫልቱ ከጓዳ ወጥተዋል። ኦቦ ቶሎሳ ፈረሱን ፈትተው መጥተዋል። ደራርቱ አለች፤ መዘምራኑ አሉ፤ ያ ባለ ሱቅ አለ፤ ከጊንጪ የመጡት እናት፣ በምን እንደሰሙ አላውቅም፣ አሉ።

ብሎኗን በወረንጦ ያዝኳት፤ ወደቀች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ፤ ያ ሁሉ ሰው ከነጋቢው፣ ከነሻሹ በአራት እግሩ መሬት ወረደ። ከጤፍ የምታንስ ነገር ፍለጋ የበረንዳው ሲሚንቶ ተዳሰሰ። የተገኘችው የጌታሁን ሱሪ እጥፋት ውስጥ ነው፤ ደራርቱ ናት ያየቻት። «ልብስ ሰፊ ሌባ ነው ይሉ የለ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ ጉልበታቸውን እያራገፉ።

እንደገና ያዝኳት። አዴ ጫልቱ በጣም ቀስ ብለው «ጃባዱ» አሉኝ፤ በርታ ማለታቸው ነው። አውራ ጣቴን ከወረንጦው ጫፍ አሳልፌ ብሎኗ ላይ አሳረፍኩ። ምንም አልተሰማኝም፤ ከዚያ እንደ መርፌ ጫፍ ጥቂት ተሰማኝ። እሷ ናት። ቀዳዳዋ ላይ በጥፍሬ ጠርዝ አቆምኳት፤ ቆመች። በመፍቻው አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ግማሽ። ከዚያ ሰዓቷን በአውራ ጣቴ ሞላኋትና ለኦቦ ቶሎሳ ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ላይ አደረጓት፤ ለአዴ ጫልቱ አቀበሉ፤ እሳቸው ለደራርቱ፤ እንዲህ እያለች ሰዓቷ ከጆሮ ወደ ጆሮ በረንዳውን ዞረች፤ የደረሰችው ሁሉ ይስቃል።

ማታ ልመዘግብ ደብተሬን ከፈትኩ። ቀኑን ጻፍኩ፤ «ብሎን ገብቷል» ብዬ ጻፍኩ። ስንት ሰው እንደነበር ልጽፍ ስል እንዳልቆጠርኳቸው ትዝ አለኝ። ሰው በተሰበሰበበት ተገኝቼ ሳልቆጥር የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ያን ቀን በረንዳው ላይ የነበራችሁ፣ ገጹን ክፍት ትቼዋለሁ። ስንት እንደነበራችሁ ንገሩኝ። ሰዓቷ ስትሠራ መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነም የሚያስታውስ ካለ ይጨምርበት፤ እኔ ጣቴን እያየሁ ነበር።